46 ባኮ እስኪደርስ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ነቀምት የሚዘልቀው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባኮ ይደርሳል። አፈሩ ቀይ፣ አየሩ ሞቅ ያለ ወይና ደጋ፣ ዋናው ሰብሉ በቆሎ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ዩሪያ በጆንያ ተጭኖ ይመጣል። በጆንያው ላይ 46 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ ከመቶ ኪሎው ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። የባኮ ተማሪ የአቶም ክብደትንና ሞላር ማስን ለፈተና ያጠናል። የሚያጠናው ነገር አባቱ በተሸከመው ጆንያ ላይ ታትሞ እንደሚገኝ የሚነግረው ሰው ግን እምብዛም ነው። እኔ ለባኮ ልጅ ኬሚስትሪን ለማስጀመር ከዚህ ቁጥር የተሻለ አላውቅም፤ ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው እተርካለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1773 ኢሌር ማሪን ሩዌል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ሽንት አፍልቶ፣ የቀረውን ዝቃጭ በአልኮል አጥቦ ዛሬ ዩሪያ የምንለውን ነገር ለየ። ከምን እንደተሠራ ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ናይትሮጅን ራሱ ከአየር ተለይቶ የታወቀው ገና ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። በ1789 ሌላው ፈረንሳዊ ኬሚስት ላቮአዝዬ መጽሐፉን አሳትሞ በኬሚካል ለውጥ ውስጥ ክብደት እንደማይጠፋና እንደማይፈጠር በሚዛን አሳየ፤ ንጥረ ነገሮችንም በዝርዝር አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ኬሚስት ማለት በቅድሚያ የሚመዝን ሰው ሆነ።

አቶምን ከሚዛን ጋር ያገናኘው ጆን ዳልተን ነው። በማንቸስተር የሚያስተምረው ይህ ሰው በሴፕቴምበር 1803 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ጻፈ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ዓይነት አቶም አለው፤ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ክብደታቸው አንድ ነው። አንዱን አቶም ነጥሎ በሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ የአንዱን ክብደት ከሌላው ጋር ማወዳደር ግን ይቻላል። ዳልተን ሃይድሮጅንን 1 ብሎ ሌሎቹን ከእሱ አንጻር አስቀመጠ። በ1808 ባሳተመው መጽሐፉ ኦክሲጅን 7፣ ካርቦን 5፣ ናይትሮጅን ደግሞ 5 ነበሩ።

ዛሬ ናይትሮጅን 14 ነው። ልዩነቱ የመጣው ከመሣሪያው ድክመት ብቻ አይደለም። ዳልተን አሞንያን ሲያስብ አንድ ናይትሮጅን ከአንድ ሃይድሮጅን ጋር የተጣበቀ አድርጎ ነበር። በአሞንያ ውስጥ በእያንዳንዱ 3 ግራም ሃይድሮጅን 14 ግራም ናይትሮጅን አለ፤ አንድ ለአንድ ናቸው ካልን 14ን ለ3 ማካፈል ነው፤ 4.7 ገደማ ይመጣል፤ ዳልተን ወደ 5 አጠጋጋው። ሦስት ሃይድሮጅን ለአንድ ናይትሮጅን ነው ካልን ግን ያው ልኬት 14ን ይሰጣል። ሚዛን ምን ያህል እንደሚመዝን ይናገራል። ስንት አቶም እንዳለ ብቻውን አይናገርም። የሚቀጥሉት ሃምሳ ዓመታት ጭቅጭቅ በሙሉ ከዚህ ከአንድ ነጥብ የመነጨ ነው።

መፍትሔው ሳይዘገይ መጥቶ ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌ ሉሳክ በ1808 ጋዞች ሲዋሃዱ ይዘታቸው በቀላል ሙሉ ቁጥሮች እንደሚነጻጸር አስታወቀ፤ ሁለት ሊትር ሃይድሮጅን ከአንድ ሊትር ኦክሲጅን ጋር ሁለት ሊትር እንፋሎት ይሰጣል። በ1811 ጣሊያናዊው አሜዴዮ አቮጋድሮ ይህን ተመልክቶ በእኩል ሙቀትና ግፊት ላይ ያሉ እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች ይይዛሉ አለ። እንዲህ ከሆነ የጋዞችን ክብደት ማወዳደር የሞለኪውሎችን ክብደት ማወዳደር ነው። አቮጋድሮ በዚሁ መንገድ አስልቶ ለኦክሲጅን ወደ 15፣ ለናይትሮጅን ወደ 13 የሚጠጋ ቁጥር አገኘ። ከዳልተን ይልቅ ለእውነቱ እጅግ የቀረበ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። በ1856 ሲሞት ሐሳቡ ገና ከመደርደሪያ አልወረደም ነበር።

አሁን ወደ ዩሪያ እንመለስ። ዊልያም ፕራውት የለንደን ሐኪም ነበር፤ ሽንት የሚመረምረው የሰውን በሽታ ለማወቅ ነው። በ1817 ንጹሕ ዩሪያ አዘጋጅቶ አቃጠለው፣ የወጡትን ጋዞች ለካ፣ ውጤቱንም በመቶኛ አስቀመጠ። ናይትሮጅን 46.65፣ ካርቦን 19.975፣ ሃይድሮጅን 6.67፣ ኦክሲጅን 26.65። ዛሬ ባለን የአቶም ክብደት አስልተን እንየው። ዩሪያ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክሲጅን፣ ሁለት ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን አለው። ካርቦኑ 12.011፣ ኦክሲጅኑ 15.999፣ ሁለቱ ናይትሮጅን 28.014፣ አራቱ ሃይድሮጅን 4.032፤ ሲደመር 60.056 ነው። 28.014ን ለ60.056 አካፍለን በመቶ ስናባዛ 46.65 ይመጣል። አንድ ሐኪም ከ200 ዓመት በፊት በሻማና በጋዝ መብራት ዘመን ያገኘው ቁጥር እስከ ሁለተኛው አሐዝ ድረስ ልክ ነው። እኔ ይህን ስሌት ደጋግሜ ስሠራው መደነቄ አልቀነሰም።

ፕራውት ግን መቶኛውን እንጂ የአቶሞቹን ቁጥር በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1815፣ ስሙን ሳይጽፍ ባወጣው ጽሑፍ የአቶም ክብደቶች ሁሉ የሃይድሮጅን ሙሉ ብዜት ናቸው የሚል ግምት አቅርቦ ነበር። ግምቱ ብዙ ሰው አስለፍቷል፤ ክሎሪን 35.5 አካባቢ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ብሎ ክርክሩን መቶ ዓመት አስረዘመው።

በዚያው ዘመን ስቶክሆልም ውስጥ ዮንስ ያኮብ በርዜልየስ ቁጭ ብሎ ይመዝን ነበር። ወደ 2,000 የሚጠጉ ውህዶችን መርምሮ በ1814፣ በ1818 እና በ1826 የአቶም ክብደት ሰንጠረዦች አወጣ። ዛሬ ተማሪው ንጥረ ነገሮችን የሚጽፍባቸው የፊደል ምልክቶችም የእሱ ናቸው። መነሻው ሃይድሮጅን ሳይሆን ኦክሲጅን ነበር፤ ኦክሲጅንን 100 ብሎ ሌላውን ከእሱ ለካ፤ ምክንያቱም ኦክሲጅን ከአብዛኞቹ ንጥረ ነገሮች ጋር ይዋሃዳል።

የበርዜልየስ ተማሪ የነበረው ፍሪድሪኽ ቮለር በ1828 በርሊን ውስጥ አሞንየም ሲያኔት ለመሥራት ሲሞክር ነጭ ክሪስታል አገኘ፤ ሲመረምረው ከሽንት የሚገኘው ዩሪያ ሆነ። ለመምህሩ በጻፈው ደብዳቤ የሰውም ሆነ የውሻ ኩላሊት ሳያስፈልገው ዩሪያ መሥራት መቻሉን በደስታ ነገረው። ሕይወት ካለው ነገር ብቻ ይወጣል የተባለው ነገር ከማዕድን ዕቃ ወጣ። ይህን ታሪክ ብዙ መጽሐፍ ያነሳዋል። ከዚህ የማይተናነሰው ነገር ግን ማስረጃው ነው፦ ቮለር የእሱ ክሪስታልና የሽንቱ ዩሪያ አንድ መሆናቸውን ያረጋገጠው የፕራውትን መቶኛ፣ ያን 46.65፣ ከራሱ ስሌት ጎን አስቀምጦ ጭምር ነው። በጽሑፉ ላይ ግን አራት ናይትሮጅን፣ ሁለት ካርቦን፣ ስምንት ሃይድሮጅን፣ ሁለት ኦክሲጅን ብሎ ጻፈ፤ ሁሉም እጥፍ ነው። መቶኛው እጥፍ ቢሆንም አይለወጥም። ክብደቱ ልክ፣ ቁጥሩ ግን በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሠላሳ ዓመታት ግራ የተጋቡ ናቸው። አንዱ ካርቦንን 6፣ ሌላው 12 ይላል፤ አንዱ ኦክሲጅንን 8፣ ሌላው 16። ጀርመናዊው ኬሚስት ኬኩሌ በ1861 ባሳተመው መጽሐፍ ለአሴቲክ አሲድ ብቻ 19 የተለያዩ ፎርሙላዎችን ዘርዝሯል። ግብርና ግን መልስ አልጠበቀም። ሌላው ጀርመናዊ ኬሚስት ሊቢግ በ1840 ተክል ከአፈር ማዕድን እንደሚመገብ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1843 ሎውስ በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ ላይ የማዳበሪያ ሙከራ ጀመረ። ኬሚስቶቹ የተክሉን አመድ ሲመረምሩ ፎስፈረስን ከኦክሲጅን ጋር እንደተዋሃደ አድርገው ይመዘግቡ ነበር። ያ ልማድ ሳይለወጥ ቀርቶ እስከ ባኮ መጋዘን ዘልቋል፤ ቆየት ብለን እናገኘዋለን።

በሴፕቴምበር 1860 ከአውሮፓ አገሮች የመጡ ከ120 የሚበልጡ ኬሚስቶች በጀርመኗ ካርልስሩሄ ተሰብስበው ሦስት ቀን ተከራከሩ። በጄኖቫ የሚያስተምረው ስታኒስላኦ ካኒዛሮ ተነስቶ የረሳነውን የአገሬን ሰው አስቡ አለ፤ አቮጋድሮን ማለቱ ነው። በ1858 ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው ትንሽ መጽሐፍ መንገዱን በግልጽ ያስቀምጣል፦ ካርቦን ያለባቸውን ብዙ ጋዞች ውሰድ፤ የእያንዳንዱን ሞለኪውል ክብደት ከጋዙ ጥግግት አግኝ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን የካርቦን ድርሻ አስላ። 12፣ 24፣ 36 ይመጣል፤ ከ12 በታች ግን በጭራሽ አይመጣም። እንግዲያው ካርቦን 12 ነው። ይኸው ነው ብልሃቱ፤ ከዳልተን ጀምሮ የጎደለው የቁጥር መልስ።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ሲበተን ግን ፓቬዚ የተባለ የካኒዛሮ ወዳጅ መጽሐፉን ለተሰብሳቢዎቹ አደለ። ሎታር ማየር ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፤ በኋላ ሲያነበው ጥርጣሬው ሁሉ እንደተገፈፈለት ራሱ ጽፏል። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል የ26 ዓመቱ ዲሚትሪ ሜንዴሌየቭ ነበር። ሜንዴሌየቭ የተስማማባቸውን የአቶም ክብደቶች ይዞ በ1869 ንጥረ ነገሮቹን በረድፍ አሰለፋቸው። የዚህን ሰው ስም ሰንጠረዡ ከግድግዳው ላይ ያልወረደበት የኬሚስትሪ ክፍል ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰውየው በዚያው ወቅት በቦብሎቮ ባለው መሬቱ ላይ ማዳበሪያ ይሞክር እንደነበር ግን ብዙም አይወራም። በ1860ዎቹ ለሩሲያ ነፃ የኢኮኖሚ ማኅበር ሐሳብ አቅርቦ በተለያዩ ቦታዎች የማሳ ሙከራ አስተባብሯል። ሰንጠረዡና እርሻው በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

በ1883 ኮፐንሃገን ውስጥ ዮሃን ኬልዳል ናይትሮጅንን የሚለካበትን ዘዴ አወጣ፤ ዛሬም በአገራችን የአፈርና የእህል ላቦራቶሪዎች ይሠራበታል። ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ግራም የተፈጨ በቆሎ በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ እስኪጠራ ይቀቀላል፤ ናይትሮጅኑ ወደ አሞንየም ይለወጣል። ከዚያ ኮስቲክ ሶዳ ሲጨመርበት አሞንያ ሆኖ በእንፋሎት ይወጣና በቦሪክ አሲድ ውስጥ ይያዛል። ባለሙያው ቢሬት ከሚባለው የመለኪያ ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረገ አሲድ ይለቃል፤ ቀለሙ ድንገት ሲለወጥ ቧንቧውን ይዘጋል። የአሲዱ ጥንካሬ በሊትር 0.1 ሞል ሆኖ 10 ሚሊ ሊትር ከፈጀ አንድ ሚሊ ሞል ነው፤ አንድ ሚሊ ሞል አሲድ የሚይዘው አንድ ሚሊ ሞል ናይትሮጅን፣ ማለትም 14 ሚሊ ግራም ነው። በአንድ ግራም ውስጥ 14 ሚሊ ግራም፤ በቆሎው 1.4 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ከቢሬቱ የወረደውን ጠብታ ወደ ናይትሮጅን የሚመነዝረው ያ 14 ነው፤ ዳልተን በ5 ቢያሰላው ኖሮ ውጤቱ ከእውነተኛው ሲሶ ገደማ ብቻ ይሆን ነበር።

ሞል የሚለውን ስያሜ የሰጠው ዊልሄልም ኦስትቫልድ ነው፤ በ1890ዎቹ። ሐሳቡን ለባኮ ልጅ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በበቆሎ ምርምር ላይ የሺህ ፍሬ ክብደት የሚባል ልኬት አለ። አንድ ሺህ ፍሬ 400 ግራም ከመዘነ፣ 25 ኪሎ ዘር 62,500 ፍሬ ነው፤ ማንም አንድ በአንድ አልቆጠረውም፤ በሚዛን ተቆጠረ። ሞላር ማስ የሚሠራው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ በሺህ ፋንታ በጣም ግዙፍ የሆነ ቋሚ ቁጥር መጠቀሙ ነው። ያን ቁጥር በልኬት አግኝቶ የአቮጋድሮ ቁጥር ብሎ የሰየመው ዣን ፔራን ነው፤ በ1909። የአቶምን መኖር ይጠራጠር የነበረው ኦስትቫልድ ራሱ በእነዚህ ዓመታት አመነ።

ቁጥሩን በዩሪያ ላይ እንሞክረው። የአንድ ሞል ዩሪያ ክብደት 60.056 ግራም ስለሆነ አንድ ኩንታል 1,665 ሞል ነው። ይህ በአቮጋድሮ ቁጥር ሲባዛ አንድ ከኋላው 27 ዜሮ የተከተለው ያህል ሞለኪውል ይሆናል፤ ለማለት ይቻላል ልክ ያን ያህል።

በዚያው በ1909 ፍሪትዝ ሀበር ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ አሞንያ አንጠባጠበ፤ ካርል ቦሽ ሥራውን ወደ ፋብሪካ አሸጋግሮ በ1913 ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ። በ1922 ደግሞ እዚያው ከአሞንያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ዩሪያ በፋብሪካ ተሠራ። ሩዌል ከሽንት ያወጣው ነገር በቶን መመረት ጀመረ። የማዳበሪያው ጥቅምም ከስሌቱ ይታያል፦ ከሞለኪውሉ ግማሽ ገደማው ናይትሮጅን ስለሆነ አንድ መኪና ዩሪያ ብዙ ናይትሮጅን ይሸከማል። እንደ ባኮ ከወደብ ለራቀ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ መሃል የአቶም ክብደት ራሱ ሌላ ፈተና ገጠመው። ኬሚስቱ ሶዲ በ1913 የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች የተለያየ ክብደት ሊኖራቸው እንደሚችል አስታውቆ ኢሶቶፕ አላቸው፤ አስተን ከ1919 ጀምሮ በመሣሪያ ለያቸው። ፕራውትን ያስቸገረው ክሎሪን 35 እና 37 የሆኑ አቶሞች ድብልቅ ሆኖ ተገኘ፤ በሰንጠረዡ ላይ ያለው 35.45 አማካይ ነው። ዳልተን የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ሁሉ እኩል ናቸው ማለቱ እዚህ ላይ ወደቀ። በ1929 ኦክሲጅንም ሦስት ዓይነት እንደሆነ ታወቀ። ፊዚክስ የሚያጠኑት ኦክሲጅን 16 የሚባለውን አንዱን ኢሶቶፕ መነሻ አደረጉ፤ ኬሚስቶቹ የተፈጥሮ ድብልቁን። በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ከሚሊዮን 275 ያህል ልዩነት ነበረ። ሁለቱን ያስታረቀው ካርቦን 12 ነው፦ የፊዚክስ ኅብረት በ1960፣ የኬሚስትሪ ኅብረት በ1961 ተቀበሉት። ካርቦን 12 ልክ 12 ይባል፣ ሌላው ከእሱ ይለካ ተባለ።

በዚያው ዘመን፣ ካርልስሩሄ ላይ ክርክሩ ከተካሄደ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ባኮ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። የሁለቱ ነገር መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የአቶም ክብደት ታሪክ በባኮ ቀይ አፈር ላይ ይቀጥላል። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ተመሠረተ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባገዘው የሠርቶ ማሳያ ሥራ ማዳበሪያ በገበሬ ማሳ ላይ ታየ። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለበት ዳፕ እና ዩሪያ ለአሥርተ ዓመታት የአገሩ ሁለት ማዳበሪያዎች ሆነው ቆዩ።

የባኮ ስም አገር ያወቀው በበቆሎ ነው። ቢኤች 140 በ1988፣ ቢኤች 660 በ1993፣ ቢኤች 540 በ1995 ተለቀቁ፤ ቢኤች ማለት የባኮ ዲቃላ ማለት ነው። ቢኤች 660 ቁመቱ ረጅም፣ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ምርቱ በምርምር ማሳ ላይ በሄክታር ከ90 ኩንታል የሚያልፍ ነው። ዘሩ ብቻውን ግን ይህን አያመጣም። በሄክታር 60 ኩንታል ፍሬ የሚሰጥ በቆሎ፣ ፍሬው 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ካለው፣ ከማሳው 90 ኪሎ ናይትሮጅን በፍሬው ብቻ ይዞ ይወጣል። ያን በዩሪያ እንተካ ብንል 195 ኪሎ ግድም ያስፈልጋል፤ ተክሉ የማያገኘውን የሚታጠበውንና የሚተነውን ሳንቆጥር።

ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለ የግብርና ፕሮግራም በ1993 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያዎች ዘርንና ማዳበሪያን በአንድ ጥቅል አቀረበ፤ መንግሥትም ከ1995 ጀምሮ በስፋት ወሰደው። ምክሩ ለሁሉም አንድ ነበር፦ በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ዳፕ 18 ኪሎ፣ ዩሪያ 46 ኪሎ፤ ናይትሮጅኑ 64 ኪሎ ነው። ፎስፈረሱስ? በዳፑ ጆንያ ላይ ሁለተኛው ቁጥር 46 ነው፤ ይህ ግን የዩሪያው 46 አይደለም። ከሊቢግ ዘመን የቀረው ልማድ እዚህ ላይ ነው የሚገኘው። ቁጥሩ የፎስፈረስ ሳይሆን የፒቱኦፋይቭ፣ የሁለት ፎስፈረስና የአምስት ኦክሲጅን ውህድ ነው። ሁለት ፎስፈረስ 61.95፣ አምስት ኦክሲጅን 79.995፣ በጥቅሉ 141.94 ገደማ፤ ፎስፈረሱ ከዚህ 43.6 በመቶ ነው። 46 ኪሎው ወደ 20 ኪሎ ይወርዳል። በምርምር ጽሑፎች ላይ አንዱ ሰው 46 ሌላው 20 ብሎ ሲጽፍ የሚያወሩት ስለ አንድ ማሳ ነው። ይህን ሳያውቅ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ የገበሬውን ፎስፈረስ ከእጥፍ በላይ ሊያበዛው ወይም ከግማሽ በታች ሊያደርገው ይችላል። እኔ የአቶም ክብደት ትምህርት በፈተና ብቻ መቅረቱ የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ከ2012 ጀምሮ የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የአገሩን አፈር ናሙና እየሰበሰበ ካርታ ሠራ። ድኝ የጎደለው አፈር ሰፊ መሆኑ ታይቶ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ፦ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፒቱኦፋይቭ፣ 7 ድኝ። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ በፎስፈረስ ሲሰላ 16.6 ኪሎ ይሰጣል። በዳፕ ጊዜ አንድ ኩንታል የለመደ ሰው ያንኑ ኩንታል ቢጨምር ፎስፈረሱ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይጎድልበታል፤ ድኝ ደግሞ ያተርፋል።

በሜይ 20፣ 2019 የሞል ትርጉም ከካርቦን ተላቀቀ። እስከዚያ ድረስ ሞል ማለት በ12 ግራም ካርቦን 12 ውስጥ ያለው የአቶም ብዛት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ራሱ ተቆርጦ ተደነገገ፦ 6.02214076 በአሥር 23 ጊዜ ተባዝቶ። እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ ከሲሊከን የተሠራ፣ እጅግ ድቡልቡል የሆነ ኳስ ውስጥ ያሉትን አቶሞች መቁጠር አስፈልጓል። የናይትሮጅን ክብደትም ከ2010 ገደማ ጀምሮ አንድ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ከ14.00643 እስከ 14.00728 ባለ ክልል ይሰጣል፤ ናይትሮጅኑ ከየት እንደመጣ የኢሶቶፑ ድርሻ ይለያያልና። የጆንያውን 46 ግን ይህ ሁሉ ንቅናቄ አላነቃነቀውም።

ዛሬ ባኮ የሚገኝበትን ምዕራብ ሸዋን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ የአፈሩ አሲድነት ነው። ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ አሲዳማ ሆኗል፤ የባኮ ቀይ አፈርም ከዚህ ውስጥ ነው። አሲድ ሲበዛ አሉሚንየም ይሟሟል፣ ሥሩን ያቀጭጫል፣ የተጨመረውን ፎስፈረስ ይይዛል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ጉደር ላይ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ። ባለሙያዎች መጠኑን የሚያሰሉበት ቀመር አለ፦ የአፈሩ ተለዋዋጭ አሲድነት በማሳው አፈር ክብደት ይባዛና ለ2,000 ይካፈላል። ብዙ ሰው 2,000ውን እንደ ተሰጠ ተቀብሎ ይሄዳል። ከየት መጣ? የካልሲየም ካርቦኔት አንድ ሞል 100 ግራም ነው፤ ካልሲየም 40፣ ካርቦን 12፣ ሦስት ኦክሲጅን 48። አንዱ ሞለኪውል ሁለት የአሲድ ቻርጅ ስለሚያከሽፍ ለአንድ ሞል ቻርጅ 50 ግራም ይደርሰዋል፤ አሲድነቱ የሚለካው በሴንቲ ሞል ስለሆነ 0.5 ግራም። ኪሎ አፈርን በ0.5 ግራም ማባዛት ለ2,000 አካፍሎ ኪሎ ማግኘት ነው።

በእርሻ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በኪዩቢክ ሜትር 1,200 ኪሎ የሚመዝን አፈር፣ አንድ ሄክታሩ 1,800,000 ኪሎ ነው። አሲድነቱ በኪሎ አንድ ሴንቲ ሞል ከሆነ 900 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ይፈልጋል፤ ሁለት ከሆነ 18 ኩንታል። አፈሩ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የአምቦን ውኃ የሚያፈላው ያው ጋዝ፤ ከ100 ኪሎ ካርቦኔት 44 ኪሎ። ድንጋዩ በእሳት ተቃጥሎ ያው 44 ከወጣለት ግን የሚቀረው 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ነው፤ ስለዚህ 900 ኪሎው በ504 ኪሎ ይተካል። ድንጋዩ 80 በመቶ ብቻ ካርቦኔት ከሆነ ደግሞ 900ው ወደ 1,125 ይወጣል። ጉደር ላይ መኪና ከመጫኑ በፊት ድንጋዩ ወይስ የተቃጠለው፣ ንጽሕናውስ ስንት፣ አፈጫጨቱስ ምን ያህል የላመ ብሎ መጠየቅ በሄክታር ብዙ ኩንታል የሚያመጣና የሚያስቀር ጥያቄ ነው።